ሽሌፕ፣ ሜንሽ፣ ካፑት፦ ከዪዲሽና ከጀርመንኛ የመጡ የአሜሪካ አራዳ ቃላት

አሜሪካ ስመጣ እንግሊዝኛዬ የሚያሳፍር አልነበረም። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው። ፊልም ያለ ጽሑፍ አያለሁ፣ ጋዜጣም አነባለሁ። ኒውዮርክ ገብቼ ማንሃተን ውስጥ አፐር ዌስት ሳይድ በሚባለው ሰፈር ቤግል (መሀሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ዳቦ) የሚሸጥበት ቤት ሥራ ስጀምር ግን፣ ጠዋት ጠዋት ቡና ይዘው የሚቀመጡት ሽማግሌዎች የሚያወሩት ይጠፋኝ ጀመር። ዓረፍተ ነገሩ እንግሊዝኛ ነው። መሀል መሀሉ ላይ ግን "ሽ" የበዛበት ሌላ ነገር አለ። ሽሚር፣ ሽሌፕ፣ ሽሙዝ፣ ሽቲክ፣ ሽሙትስ።

በኋላ እዚያው ሰፈር አንድ ትልቅ አፓርታማ ላይ ዶርማን ሆንኩ። ዶርማን በር ከፋች ነው፤ ዕቃ ተቀባይ፣ መልእክት አድራሽ፣ የሰው ብሶት አዳማጭም ጭምር ነው። ከነዋሪው ብዙው በዕድሜ የገፋ አይሁዳዊ ስለነበር ቃላቱን በደንብ የቀሰምኩት እዚያ ነው። እንግዲህ አዲስ ለምትመጡ፣ በተለይ ኒውዮርክ፣ ኒው ጀርሲ ወይም ደቡብ ፍሎሪዳ ለምታርፉ፣ ጆሮዬ ያጠራቀመውን ላካፍላችሁ። ትርጉሙን ስልካችሁም ይነግራችኋል። የቱ ቃል ለአለቃ እንደሚነገርና የቱ ከሥራ እንደሚያስባርር ግን ስልክ አይነግራችሁም። ዋናው ጉዳዬ እሱ ነው።

ከቀላሎቹ ልጀምር። ቤግል ራሱ የዪዲሽ፣ ማለትም የአውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ፣ ቃል ነው። "ቤግል ዊዝ ኤ ሽሚር" ካሏችሁ ክሪም ቺዝ ቀቡበት ማለታቸው ነው። ሎክስ የሚሉት በጨው የተዘጋጀ ሳልሞን ዓሣ ነው። ጀርመኖች "ላክስ" ይሉታል፣ ዪዲሹም እንደዚያው ነው። "ኖሽ" ቀመስ ቀመስ ማድረግ ነው። ምሳ አይባልም፣ እራትም አይባልም፣ እንዲሁ አፍ ማሟሻ ነው። "ዴሊ" ደግሞ ሳንድዊችና የተዘጋጀ ምግብ የሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ "ዴሊካተሰን" ከሚለው የጀርመን ቃል ያጠረ ነው።

በር ላይ ስቆም በብዛት የምሰማው "ሽሌፕ" ነበር። ሽሌፕ መጎተት ነው። ከባድ ሻንጣ ደረጃ ለደረጃ መጎተት ሽሌፕ ነው። ራቅ ያለ አሰልቺ መንገድም ሽሌፕ ነው። ኩዊንስ እየኖረ ብሮንክስ የሚሠራ ሰው "ኢትስ ኤ ሽሌፕ" ቢላችሁ፣ "መንገዱ ገደለኝ" እያለ ነው። "ሽሙትስ" እድፍ ነው። አንዲት አሮጊት ወደ ጉንጫችሁ ጠቁማ ሽሙትስ ካለች ፊታችሁን ጥረጉ። "ሽቪትስ" ላብ ነው። "ክላትስ" የያዘው ሁሉ ከእጁ የሚወድቅበት፣ ሜዳ ላይ የሚደናቀፍ ሰው ነው። መነሻው የእንጨት ጉማጅ ማለት ነው። "ኑድኒክ" ነዝናዛ ነው፤ ለዚህ ከአማርኛው የተሻለ ትርጉም አይገኝለትም። "የንታ" ወሬ የምታመላልስ ሴት ናት። ድሮ የሴት ስም ነበር፣ ቀስ በቀስ የወሬኛ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ወንድም የንታ ሲባል ሰምቻለሁ፣ ያውም በትክክል የሚገባው ሰው።

"ክቬች" ማለት መነጫነጭ ነው። የመጀመሪያ ትርጉሙ መጭመቅ ነው። ዶርማን ሆኖ ክቬች ያልሰማ የለም። ማሞቂያው በዛ፣ ማሞቂያው አነሰ፣ ከላይ ያለው ልጅ ይዘላል፣ ሊፍቱ ውስጥ የሽንኩርት ሽታ አለ። ታዲያ ክቬች የሚያደርግ ሰው መፍትሔ ፈልጎ ላይሆን ይችላል። "አይዞዎት" የሚለው ካገኘ ይበቃዋል። ይህን የተረዳ ዶርማን ብዙ ይወደዳል።

የገና ጉርሻ ሲደርስ ደግሞ "ባፕኪስ" የሚለውን ትሰማላችሁ። ኒውዮርክ ውስጥ ነዋሪዎች በዓመቱ መጨረሻ ለሕንፃ ሠራተኞች ፖስታ ይሰጣሉ። ማታ ላይ ባልደረባዬን "ከእገሌ ስንት አገኘህ?" ብለው "ባፕኪስ" ይላል። ምንም፣ ዜሮ፣ አምስት ሳንቲም አልሰጠኝም ነው። ከፍየል በጠጥ የመጣ ቃል ነው ይባላል፤ ብሽቀቱን በደንብ ይገልጸዋል።

አንዷ ነዋሪ፣ ዕድሜያቸው የገፋ መምህርት፣ ከውጭ ሲገቡ ሁልጊዜ "ኑ?" ይሉኝ ነበር። እኔ በአማርኛ "ኑ" ስባል ወዴት ልሂድ? የእሳቸው "ኑ" የዪዲሽ ነው። "እህስ?"፣ "ታዲያስ?"፣ "ከዚያስ?" ማለት ነው። ፈተናህ እንዴት ሆነ፣ ያቺ ልጅ ደወለች ወይ፣ ምን ትጠብቃለህ፤ ሁሉም "ኑ" ውስጥ አለ። መልሱ እንደ ሁኔታው ነው። እሳቸው "ቡበሌ" እያሉም ይጠሩኝ ነበር፤ እንደ እኛ "የኔ ልጅ"፣ "አባትዬ" ነው። ይህ ከአያት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው። እናንተ መልሳችሁ አሮጊቷን ቡበሌ እንዳትሉ።

ቃላቱ ከየት መጡ? ዪዲሽ የምሥራቅና የመካከለኛው አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ ነው። ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት በራይን ወንዝ አካባቢ ተወለደ። አጥንቱ ጀርመንኛ ነው። ላዩ ላይ ዕብራይስጥና አረማይክ አለበት፣ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ የፖላንድና የዩክሬን ቃላት ጨመረ። የሚጻፈው በዕብራይስጥ ፊደል ነው። ከ1881 እስከ 1924 ባሉት ዓመታት ከሁለት ሚሊዮን በላይ አይሁዶች ከምሥራቅ አውሮፓ ወደ አሜሪካ ገቡ። ብዙዎቹ ማንሃተን ውስጥ ሎወር ኢስት ሳይድ ታጭቀው ልብስ ይሰፉ ነበር። በ1897 የራሳቸውን የዪዲሽ ጋዜጣ "ፎርቨርትስ"ን አቋቋሙ። ልጆቻቸው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሆኑ፣ ከልጆቹም መሀል አሜሪካን ያሳቁ ብዙ ኮሜዲያን ወጡ። ቃሉን ከሰፈር አውጥተው ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን የሰጡት እነሱ ናቸው።

አውሮፓ የቀረው ሕዝብ የደረሰበትን ታውቃላችሁ። ናዚዎች ከገደሏቸው 6 ሚሊዮን አይሁዶች አብዛኞቹ ዪዲሽ ተናጋሪዎች ነበሩ። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ "ሽሌፕ" ሲል እንደ ቀልድ ብቻ አትስሙት። የእናቱ ቤት ቋንቋ ቅሪት ሊሆን ይችላል። ድምፁን እያስመሰሉ ፊቱ ላይ "ኦይ ቬይ" ("ወይኔ!" እንደምንለው) ማለት፣ ምንም ያህል ብትቀራረቡ፣ ደስ አይልም። ቋንቋው ሞቷል ማለቴ ደግሞ አይደለም። ብሩክሊን ውስጥ ዊሊያምስበርግና ቦሮ ፓርክ ሂዱ። ሐሲድ የሚባሉት አጥባቂ አይሁዶች ልጆች መንገድ ላይ በዪዲሽ ይሯሯጣሉ፣ በዪዲሽ ይጣላሉ።

አሁን ወደ ክብደቱ። "ሽማክ" የሚለውን ቃል ፊልም ላይ ሰምታችሁ ይሆናል። ቂል፣ ደደብ፣ የማይረባ ሰው ማለት ነው። ብዙ አሜሪካውያን ሳያስቡት ይሉታል። መነሻው ግን የወንድ ብልት ነው። "ፓትስ" የሚለውም እንዲሁ። ዪዲሽ በሚነገርበት ቤት ያደገ ሰው ጆሮ ላይ እነዚህ ሁለቱ ጸያፍ ስድብ ናቸው። በ1998 የኒውዮርኩ ሴናተር አልፎንስ ዳማቶ ከአይሁድ ደጋፊዎቻቸው ጋር በዝግ ስብሰባ ላይ ተፎካካሪያቸውን ቻክ ሹመርን "ፓትስሄድ" አሏቸው። ወሬው ወጣ። መጀመሪያ አላልኩም አሉ፣ ቆይተው አመኑ። ምርጫውን ሹመር አሸነፉ። ሴናተር ያልቻለውን እናንተ አትሞክሩት። ሰው ሞኝ ነው ማለት ካማራችሁ "ሽሞ" የሚል ለስለስ ያለ ቃል አለ። እሱም ቢሆን ለቅርብ ጓደኛ ነው።

ፍራንክፈርት የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለችኝ። "የት ነው የምትሠሪው?" ብላት "ሽሙክ መደብር" አለችኝና ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ጀርመን አገር "ሽሙክ" ጌጣጌጥ ነው። ወርቅ ቤት ሁሉ መስኮቱ ላይ በትልቁ ጽፎታል። እሷ እስካሁን ምን እንዳሳቀኝ አልገባትም። ዪዲሽና ጀርመንኛ የአንድ ቤት ልጆች ሆነው አንዳንድ ቃል ላይ እንዲህ ይለያያሉ።

"ሜንሽ"ም እንደዚያ ነው፣ በጎ በጎውን። ጀርመንኛው ሰው ማለት ብቻ ነው። ዪዲሹና የኒውዮርክ እንግሊዝኛው ግን እኛ "እሱማ ሰው ነው!" እንደምንለው ነው። ቅን፣ ቃሉን የሚጠብቅ፣ ሲቸገሩ የሚደርስ። አንድ ሰው "ዩ አር ኤ ሜንሽ" ካላችሁ፣ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የላቸውም። በወንድም በሴትም ይሠራል። እናንተም ያለ ስጋት ልትሉት ትችላላችሁ፣ ለአለቃም፣ ለጎረቤትም። ብቻ በየቀኑ ከረከሰ ዋጋ የለውም።

"ኹትስፓ" ላይ ግን አስቡ። አማርኛው ዓይን አውጣነት ነው። አይሁዶች ራሳቸው የሚያወሯት የታወቀች ቀልድ አለች። አንድ ሰው አባትና እናቱን ገድሎ ፍርድ ቤት ቀረበ። "ክቡር ዳኛ፣ የሙት ልጅ ነኝና ማሩኝ" አለ። ኹትስፓ ይህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ቃሉ አንዳንዴ ምስጋና ይሆናል። ገንዘብ ሳይኖረው ድርጅት የከፈተን ሰው "ኹትስፓ አለው" ይሉታል፣ ወኔ አለው ለማለት። ስለዚህ ስትባሉ የተናጋሪውን ፊት እዩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ሳይቀር ገብቷል፤ ዳኛው አንቶኒን ስካሊያ በ1998 በጻፉት ሐሳብ ውስጥ ተጠቅመውበታል። አነባበቡ ላይ ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው ድምፅ "ቸ" አይደለም። በ2011 ሚሼል ባክማን የምትባል የምክር ቤት አባል ቴሌቪዥን ላይ "ቹትስፓ" ብላ አገር ሳቀባት። ከጉሮሮ የሚወጣ "ኽ" ነው። ትግርኛ የምትችሉ ከአሜሪካውያኑ ራሳቸው አስበልጣችሁ ትሉታላችሁ።

ስለ አንድ ቃል በግልጽ ልናገር፣ ጥቁር ሆነን ስለምንሠራ ይመለከተናል። "ሽቫርትሰ" የሚል አለ። በዪዲሽ የጥቁር ቀለም ስም ነው፣ ጀርመንኛውም ተመሳሳይ ነው። ቀለሙን ለመጥራት ከሆነ ነውር የለበትም። በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር መሀል ስለ ሰው ሲባል ግን ንቀት ነው። በአሜሪካ ብዙ ጊዜ ስለ ቤት ሠራተኛና ስለ አስታማሚ ይባል ነበር። እኔ ሊፍት አጠገብ ቆሜ፣ አንድ እንግዳ ሰውዬ ስለ አንዲት አስታማሚ ሲል ሰማሁ። አልጮህኩም። "ይቅርታ፣ ምን ማለትዎ ነው?" አልኩት፣ ረጋ ብዬ። ፊቱ ቀላ። እኔ ቃሉን እንደማላውቀው ገምቶ ነበር የተናገረው። አብራው የነበረችው የሕንፃው ነዋሪ በማግስቱ ወርዳ ይቅርታ ጠየቀችኝ። የምመክረው ይህንኑ ነው። እንደገባችሁ አሳውቁ፤ ዝም ካላችሁ ይደገማል፣ ከጮሃችሁ ደግሞ ነገሩ ወደ እናንተ ጠባይ ይዞራል። ሥራ ቦታ ከሆነና ከተደጋገመ ቀኑንና የተባለውን ጽፋችሁ ለኃላፊ ስጡ።

"ጎይ" አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው ማለት ነው። እንደ አነጋገሩ ነው። "ሺክሳ" ግን አይሁዳዊት ላልሆነች ሴት የሚባል ስድብ ነው፣ አትድገሙት። ከጎይ ጋር የተያያዘ አንድ የማይከፋ ነገር አለ። አጥባቂ አይሁዶች በሰንበት መብራት አያበሩም፣ የሊፍት ቁልፍም አይጫኑም። ይህን የሚያደርግላቸው ጎረቤት "ሻቦስ ጎይ" ይባላል። በቀጥታ ላይጠይቋችሁ ይችላሉ። "ቤቱ እንዴት ጨልሟል" ብለው ይተዉታል፣ እናንተ ትረዳላችሁ። ኋላ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ኮሊን ፓወል፣ ከጃማይካውያን ወላጆች ተወልደው ብሮንክስ ሲያድጉ ይህን ሥራ ሠርተዋል። በአንድ አይሁዳዊ የሕፃናት ዕቃ መደብርም ተቀጥረው ስለነበር ዪዲሽ ይሰሙ ነበር። ስለዚህ ጥቁር ሰው ዪዲሽ ሲገባው ለኒውዮርክ አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስኩ። ዪዲሽ አጥንቱ ጀርመን ቢሆንም ከዕብራይስጥ የወሰዳቸው ቃላት ለእኛ ሩቅ ዘመድ ናቸው። "ሽሙዝ" ማለት ቁጭ ብሎ ጨዋታ ማውራት ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ "ሂድና ከደንበኞቹ ጋር ሽሙዝ አድርግ" ቢሏችሁ ተጫወት፣ ተዋወቅ፣ ወዳጅነት ፍጠር ነው። የመጣው "የተሰሙ ነገሮች"፣ ወሬ ከሚለው የዕብራይስጥ ቃል ነው። ሥሩ የግእዙ "ሰምዐ"፣ የእኛ "ሰማ" ነው። "ሜቨን" በአንድ ነገር የበሰለ አዋቂ ነው፤ የወይን ሜቨን፣ የቡና ሜቨን። መነሻው "የሚያስተውል" ማለት ነው፣ ከግእዙ "በየነ" ጋር ይዛመዳል። ብያኔ የምንለው ከዚያ ነው። በጣም ያሳቀኝ "ቱሽ" ነው። መቀመጫ ማለት ነው፣ ለሕፃን ሳይቀር ይባላል። የመጣው "በታች" ከሚለው የዕብራይስጥ ቃል ነው፤ በግእዝ ታሕት፣ በአማርኛ ታች። ይህን ለመምህርቷ ስነግራቸው ዕቃቸውን አስቀምጠው ሎቢው ውስጥ ተቀመጡና "ሌላ፣ ሌላ" አሉኝ። ሰንበትን ሰጠኋቸው። አሜንንም ሰጠኋቸው።

እግረ መንገዴን፦ ከኢትዮጵያ መሆናችሁን ሲሰሙ አንዳንድ ሽማግሌዎች "ፋላሻ ነህ?" ይሏችኋል። አብዛኞቹ ለመሳደብ ብለው አይደለም፣ በ1980ዎቹ የሰሙት ስም ያ ስለሆነ ነው። እኔ "ቤተ እስራኤል ነው የሚባሉት" ብዬ አርማቸዋለሁ፣ አብዛኞቹ ያመሰግናሉ። አይሁዳዊ ሁሉ ዪዲሽ ያወራል ብለው የሚያስቡም አሉ። የእኛ ቤተ እስራኤሎች ግን አማርኛና ትግርኛ ነበር የሚናገሩት። እስራኤል ከገቡ በኋላ ነው ከዪዲሽ ጋር የተዋወቁት፣ እሱም በዕብራይስጥ በኩል። እስራኤል ያላችሁ "ፍራየር"ን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የሚታለል፣ ሰው የሚጫወትበት ማለት ነው፤ "ፍራየር አይደለሁም" ሳይባል የሚውል ቀን የለም ይላሉ። ሥሩ ጀርመንኛ ሲሆን በዪዲሽ በኩል ነው የገባው።

በቀጥታ ከጀርመንኛ የመጡት ደግሞ ጠባያቸው ይለያል። ከሰፈር ቀልድ ይልቅ ከትምህርት ቤት፣ ከምግብና ከጋዜጣ ነው የገቡት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሚሊዮኖች ከጀርመን ወደ አሜሪካ ፈለሱ፤ እንደ ሚልዋኪና ሲንሲናቲ ያሉ ከተሞች በጀርመኖች የተሞሉ ነበሩ። ልጆቻችንን "ኬጂ አንድ፣ ኬጂ ሁለት" ስንል የምናሳጥረው ኪንደርጋርተንን ነው፣ የልጆች የአትክልት ቦታ ማለት ነው። ስሙን በ1840 ያወጣው ፍሪድሪኽ ፍሮብል የሚባል ጀርመናዊ መምህር ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያውን በ1856 ዊስኮንሲን፣ ዎተርታውን ላይ የከፈተችው ማርጋሬተ ሹርትስ ናት። የሚያስተምሩበት ቋንቋም ጀርመንኛ ነበር።

ዶላር ራሱ ከዚያው ወገን ነው። ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ባለችው በዮአኪምስታል ሸለቆ ከ1520 ገደማ ጀምሮ የብር ሳንቲም ይመታ ነበር። "ታለር" አሉት፣ ታለር በሌላ አገር አፍ ዶላር ሆነ። አያቶቻችን ጠገራ ብር፣ ማርትሬዛ የሚሉት የማሪያ ቴሬዛ ታለር ነው። ላዩ ላይ 1780 የሚል አለበት። ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ሞተች፣ ሳንቲሙ ግን ከሞተች በኋላም በዚያው ዓመተ ምሕረት ሲመታ ኖረ። ኪሳችን ውስጥ ያለው ዶላርና የአያቶቻችን ጠገራ የሥጋ ዘመዶች መሆናቸውን ለአሜሪካዊ ስትነግሩት አያምንም።

አራዳዎቹ እነዚህ ናቸው። "ካፑት" ተበላሸ፣ አለቀለት ነው። ሊፍቱ ካፑት፣ ስልኬ ካፑት። ሰው ቢያስነጥስ "ጌዙንትሃይት" የሚል ትሰማላችሁ፤ "ይማርህ" ነው፣ ቃል በቃል ግን ጤና ማለት ነው። እግዚአብሔርን መጥራት የማይፈልግ ሰው ስለሚመቸው ሥራ ቦታ ላይ ይዘወተራል። "ኒክስ" መከልከል፣ መሰረዝ ነው፤ የጋዜጣ ርዕስ ይወደዋል። "ኡበር" በላይ ማለት ነው። ስንቱ ሐበሻ ኡበር እየነዳ ቃሉ ጀርመንኛ መሆኑን አያውቅም። አሜሪካውያን "ኡበር ኩል" ሲሉ እጅግ በጣም ለማለት ነው። "ሻደንፍሮይደ" የተማሩት የሚያዘወትሩት ነው። የምትጠሉት ሰው ሲወድቅ በልባችሁ "እሰይ" የምትሉት ነገር ነው። አፍ አውጥቶ የሚናገረው የለም፣ ስም ግን አለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካውያን ጀርመንን ከመጥላታቸው የተነሣ የኮመጠጠውን የጀርመን ጎመን "የነፃነት ጎመን" ብለውት ነበር። ጦርነቱ አለቀ፣ ጎመኑም ወደ ስሙ ተመለሰ።

የኮምፒውተር ሥራ ላይ ያላችሁ "ግሊች" ትሉ ይሆናል። ድንገተኛ ትንሽ ብልሽት ነው፤ ከዪዲሹ "መንሸራተት" የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ኢሜይል ላይም ያለ ሐሳብ ይጻፋል። "ሽፒል" የሻጭ ረጅም ማባበያ ነው። "ሽቲክ" አንድ ሰው ሁልጊዜ የሚደጋግማት የራሱ ነገር፣ የታወቀበት ቀልድ ወይም ጠባይ ነው። "ሽማልትስ" የዶሮ ስብ ነበር፤ ዛሬ እንባ ለማስፈሰስ ብሎ የሚያላዝን ፊልምና ሙዚቃ ይባላል። "ዛፍቲግ" ደልደል ያለች ሴት ናት። ምስጋና ነው ይላሉ። ምስጋና ቢሆንም ለሴት ፊት ለፊት አትበሉት። ቃሉን እየደገሙ "ሽም" መጨመርም አለ፤ "ፋንሲ ሽማንሲ" ማለት ማጣጣል ነው፣ "ምንትስ ቅብርጥስ" እንደምንለው። አለቃችሁ ስላቀደው ነገር አትጠቀሙት።

አጀማመሩን በተመለከተ፣ ለእኔ የሠራው መንገድ ቃላቱን መጀመሪያ በራሴ ላይ መሞከር ነበር። ብርጭቆ ሲወድቅብኝ "አይ አም ሳች ኤ ክላትስ" እላለሁ። ረጅም መንገድ ስሄድ ሽሌፕ እላለሁ። በራስ ላይ የተባለ ቃል ማንንም አያስቀይምም፣ ሰዎቹም አነባበባችሁን በደስታ ያርማሉ። ስለ ሌላ ሰው ለመናገር ግን ቃሉን ከብዙ ሰው፣ በብዙ ስሜት እስክትሰሙት ቆዩ። ሳቅ እያሉ ነው ወይስ ጥርሳቸውን ነክሰው? ልጅ ፊት ይሉታል? ሴቶች ይሉታል? ዝቅ ባለ ድምፅ ብቻ የሚባል ቃል ከሆነ ተዉት። ከኒውዮርክ ርቃችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ፣ ክላትስና ግሊች ይገቧቸዋል፣ ኑድኒክ ስትሉ ግን ሊያፈጡባችሁ ይችላሉ።

"ማዝል ቶቭ"ን አብዛኛው ሰው ያውቀዋል፣ አጠቃቀሙ ግን ይምታታል። ቃሉ መልካም ዕድል ቢመስልም ሥራው "እንኳን ደስ ያለህ" ነው። ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ ነው የሚባለው። ለፈተና ለሚሄድ ልጅ አይባልም፣ ካለፈ በኋላ ይባላል። ሠርግ ላይ፣ ልጅ ሲወለድ፣ ቤት ሲገዛ በደስታ በሉት። ነፍሰ ጡር ላይ ግን ብዙ አይሁዶች ማዝል ቶቭ አይሉም፣ ገና አልተወለደማ። "በሻዓ ቶቫ" ነው የሚሉት፣ በመልካም ሰዓት ይሁንልሽ ማለት ነው። እኛስ "ማርያም ትቅረብሽ" ብለን አይደል "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የምንለውን እስክትወልድ የምናቆየው? የሕንፃችን አንዲት ወጣት ሆዷ መግፋቱን ያየ አዲስ ባልደረባዬ ማዝል ቶቭ ሊል ሲል ክርኔን ሰጠሁት። በሻዓ ቶቫ አለ፣ እየተንተባተበ። ልጅቷ ቆማ "ማን አስተማረህ?" አለችው።